ከውርንጭላ ጋር የሮጥኩበት ጠዋት

ስሜ ደረሰ ነው። ይህ የማወጋችሁ ነገር ሲገጥመኝ ግን ስሜን የሚመጥን ሰው አልነበርኩም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ባጃጅ አዋሳን ከመሙላቱ በፊት፣ ሰውም ዕቃም በፈረስ ጋሪ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ እንደ ጓደኞቼ ዕጣ አውጥቼ ጂንካ ደርሶኛል። ጂንካ ያኔ ሁለት ቀን ያስኬድ ነበር። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ከእናቴ ቤት ውጭ አንድም ሌሊት አድሬ አላውቅም።

እናቴ ወይዘሮ በላይነሽ ገበያ ውስጥ ቅመም ትነግዳለች። አባቴ የሞተው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ወንድምም እህትም የለኝም። ኀፍረቴን ሁሉ አልዘረግፍላችሁም፤ አንዱ ይበቃል። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ዓሣ ስንበላ እሾሁን እየለቀመች የምታቀርብልኝ እሷ ነበረች። ሐይቅ ዳር ተወልጄ አድጌ ዓሣ መብላት አልችልም ነበር ማለት ነው።

ወደ ጂንካ ለመሄድ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክሬአለሁ። በመጀመሪያው ሆዴን አመመኝ። በእርግጥ አሞኝ ነበር፤ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ግን ወዲያው ተሻለኝ። በሁለተኛው መናኸሪያ ድረስ ሄጄ፣ ተሳፍሬ ተቀምጬ፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር ወንበሬን ለቅቄ ወረድኩ። ሴትየዋ የራሷ ወንበር ነበራት። ቤት ስደርስ እናቴ ራት አቅርባልኝ ስበላ ተቀምጣ አየችኝ።

ከዚያ ከትምህርት ቢሮ ደብዳቤ መጣ። እስከ ሰኞ ካልተገኘሁ ምደባዬ ይሰረዛል ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በማግስቱ ክፍሌን አከራየችው።

ተከራዩ አቶ ታምሩ የሚባል የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው። የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ አልጋውን አስጭኖ መጣና ከአልጋዬ ጎን ዘረጋው። ሌላ ማደሪያ ስላልነበረው እዚያው ተኛን። መብራት ከመጥፋቱ በፊት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን መስተዋት ይዤ እንደምሄድ ወይም እንደምተወው በትሕትና ጠየቀኝ። እንደምተወው ነገርኩት። አመስግኖኝ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ግን ግድግዳው ላይ ዓይኔን ተክዬ አነጋሁ።

አውቶቡሱ የሚነሳው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ሲነጋጋ ጋሽ ዱካሞ ከበራችን ደረሱ። የእናቴን የቅመም ጆንያ ለዓመታት በጋሪያቸው ያመላለሱ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ቆጥበው ነው የሚናገሩት። ጋሪያቸውን የምትስበው ሙሽሪት የምትባል ቀይ ባዝራ ናት። ከወለደች ወዲህ ውርንጭላዋ ከጎኗ ተለይታ አታውቅም፤ ሙሽሪት በሄደችበት ሁሉ ቱስ ቱስ እያለች ትከተላለች፤ እናቲቱ ስትቆም ጡቷ ሥር ትገባለች። ገበያው ሁሉ ያውቃታል። የዚያን ጠዋት ግን ሙሽሪት ብቻዋን ነበረች።

እናቴ ውርንጭላዋ የት እንዳለች ጠየቀቻቸው። ጋሽ ዱካሞ ቤት እንደዘጉባት ተናገሩ። ጡት የሚያስጥሉበት ቀን ዛሬ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ጠየቀች፤ አራት ወር ከግማሽ ሆኗታል። ጎረቤታቸው ስድስት ወር ሳይሞላት አይሆንም ብሏቸዋል፤ ሌላው ደግሞ አራት ወር ይበቃል ብሏል። እሳቸው የራሳቸው መለኪያ ነበራቸው።

«ሳር ትበላለች» አሉ። «ገለባ ትበላለች። ትናንት የባለቤቴን ነጠላ በላች። ደርሳለች።»

እናቴ በጣም ተስማማች። ራሱን ችሎ የሚበላ ሁሉ ደርሷል አለች፤ ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። እኔ አዲሱን ኮቴን ለብሼ፣ ፍራሼን ተሸክሜ ቆሜአለሁ። ኮቱን የገዛችው እሷ ናት።

ፍራሹን፣ ሻንጣውን፣ ድስቱንና የጋዝ ምድጃውን ጭነን ተነሳን። እስከ ፒያሳ ድረስ ደህና ሄድን። ፒያሳ ስንደርስ ሙሽሪት መንገዱ መሐል ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሽ ዱካሞ በአፋቸው ጠሯት፣ ልጓሙን ነቀነቁ፣ አለንጋውን አሳዩዋት። አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ አየችና አሽካካች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከፈረስ ሰምቼ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጡቷ ተወጥሮ ወተቱ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል።

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ቅጽበት ከሰው ሁሉ የወደድኳት ሙሽሪትን ነው። አንድ እርምጃ ባትራመድ ብዬ በልቤ ጸለይኩ።

ጸሎቴ ከጠየቅኩት በላይ ተሰማ። ሙሽሪት ባለችበት ዞረች፤ ጋሪውን ከነእኛ አዙራ ወደ መጣንበት መጋለብ ጀመረች። ጋሽ ዱካሞ ልጓሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ኋላ ተንጋለው ይጎትታሉ፤ እሷ ግን ሰው እንዳልያዛት ሁሉ ትበራለች። ከጠዋት ጸሎት የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን ሰብስበው ከመንገድ ዳር ሆኑልን። ድስቱ ወደቀ፣ ክዳኑም ተንከባለለ። እናቴ በአንድ እጇ ጋሪውን፣ በሌላ እጇ የእኔን የኮት እጅጌ ይዛ፣ ሰዓት ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነው አልኳት። ድምፄ ውስጥ ያለውን ደስታ ሰምታው መሰለኝ፣ እጅጌዬን ለቀቀችው።

የቆምነው ታቦር ተራራ ግርጌ ጋሽ ዱካሞ ግቢ ውስጥ ነው። ውርንጭላዋ ከተዘጋባት ቤት በጠባቡ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ መውጣትም መመለስም አቅቷት ተቀርቅራለች። የጋሽ ዱካሞ ባለቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሲዳምኛ እየለመኗት የተቀቀለ ስኳር ድንች አንድ በአንድ ያጎርሷታል። ለካ ጡት የመጣሉ ሥነ ሥርዓት እንዲህ ኖሯል። ባልና ሚስቱ ከውስጥና ከውጭ ሆነው ጆሮዋን እያጣጠፉ አንገቷን አስለቀቁ። በሩ ሲከፈት ውርንጭላዋ ባዝራዋ ሥር ገብታ መጥባት ጀመረች። ሙሽሪት ዓይኗን ጨፈነች። እኔና እናቴ ጋሪው ላይ እንደተቀመጥን ነን፤ ውርንጭላዋ በጠባች ቁጥር ጋሪው ይወዛወዛል።

ጋሽ ዱካሞ ጥቂት እንድንታገሥ ጠየቁ። ስትጠግብ እንሄዳለን አሉ። እናቴ ለደቂቃ ያህል ታገሠች። እኔ ያዘንኩ ለመምሰል እየሞከርኩ፣ በውስጤ ግን ከአቶ ታምሩ አልጋ ጎን ተኝቼ የምኖርበትን መላ እያሰላሁ ነበር። ሰውየው አያንኮራፋም። ያ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ እናቴ ውርንጭላዋም ትምጣ አለች። ጋሽ ዱካሞ ተስማሙና ወጣን። ነገር ግን ሙሽሪት አሥር እርምጃ ሳትሄድ ትቆማለች፤ ዞራ ታያለች። በፊት ውርንጭላዋ ከጎኗም ሆነ ከኋላዋ ብትሄድ አትሰጋም ነበር። ዛሬ ግን አንድ ጊዜ ተታልላለች፤ ከዓይኗ እንድትርቅ አትፈልግም። እናቴ ይህን አየችና ሁላችንንም ያዋረደ፣ ይበልጡን እኔን ያዋረደ መላ አመጣች። ውርንጭላዋ ከፊት ትሂድ፤ አንድ ሰው በገመድ ይዟት ይሩጥ። ጋሽ ዱካሞ ጋሪውን መያዝ አለባቸው። እናቴ ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ከመካከላችን የቀረው ሰው ኮት የለበሰው ብቻ ነበር።

ገመዱን ተቀበልኩ። እንዳያመልጠኝ እጄ አንጓ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ ቋጠርኩትና ሩጫ ጀመርኩ።

ቀስ ብዬ ሄጄ ሰዓቱን አባክናለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አልተቻለም። ውርንጭላዋ ጠግባ ስለነበር መፈንጨት አምሯታል፤ ሙሽሪት ደግሞ ልጇን ለመድረስ ከኋላ ትከንፋለች። ብቆም ጋሪው ይዳምጠኛል። እኔ ለመቅረት የምመኘውን አውቶቡስ ለመድረስ፣ ከተማውን አቋርጬ በሙሉ ኃይሌ እየሮጥኩ ነበር። ከኋላዬ እናቴ ፍራሹ ላይ ተደላድላ፣ እንደ ባለሥልጣን ቀና ብላ ተቀምጣለች። አላፊ አግዳሚው ሰላምታ ሲሰጣት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትመልሳለች።

ፒያሳ ላይ ማሠልጠኛ ያስተማሩኝ የሥነ ልቦና መምህር ጋዜጣ ይዘው ቆመዋል። አዩኝ። እየሮጥኩ እጅ ነሳሁ። በወላጅና በልጅ ግንኙነት ላይ ጥሩ ውጤት የሰጡኝ ሰው ናቸው። እጃቸውን ሊያነሱ ጀምረው መሐል ላይ ተዉት።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ውርንጭላዋ ዙሪያዬን ዞራ ገመዱን እግሬ ላይ ጠመጠመችው። ፖሊሱ ምን ዓይነት ጉዞ እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ዱካሞ ሊያስረዱ ሞክረው አማርኛው አልበቃቸውም። እናቴ ከላይ ሆና፣ ልጄ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው አለችው። ፖሊሱ እኔን አየ፤ ውርንጭላዋን አየ፤ ገመዱን ተከትሎ እንደገና እኔን አየ።

«የትኛው ነው ልጅዎ፣ እናቴ?» አላት። ቀልድ አልነበረም፤ ሰውየው በትክክል ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

«ኮት የለበሰው» አለች እናቴ።

ፖሊሱ ጥቂት አሰበና መኪኖቹን አስቁሞ አሳለፈን።

መናኸሪያ ስንደርስ የጂንካው አውቶቡስ ከበሩ ሊወጣ ግንባሩን አስቀድሞ ነበር። ውርንጭላዋ የአውቶቡሱን ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ በሩ መሐል ቆመች፤ ሙሽሪት ደረሰችባትና ከነጋሪዋ በሩን ዘጋችው። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ውርንጭላዋ መልሱን እንደሰጠች ሁሉ እናቷ ሥር ገብታ መጥባት ጀመረች። ከኋላ ያሉት አውቶቡሶች ሁሉ ጥሩንባ ነፉ። ረዳቱ ወርዶ ትኬቴን አይቶ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሜን ሲጠራ የከረመ ሰው ይመስል፣ ይሄ ደረሰ የሚባለው መጣ ብሎ ለሹፌሩ ነገረው። ፍራሼና ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ወጡ። እኔን ከጀርባዬ ገፍቶ በደረጃው አስገባኝ።

ገመዱ ግን አሁንም እጄ ላይ ነው።

ወደ ውስጥ ስገባ ውርንጭላዋም ተጎተተች። የፊት ሁለት እግሮቿን ደረጃው ላይ አወጣችና አንገቷን ወደ ውስጥ አስገባች። ሙሽሪት ከኋላዋ ጭንቅላቷን በልጇ ጀርባ ላይ አሳርፋ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ቃኘች። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሰብስበው፣ ይቺ ልጅ ትኬት አላት ወይ ብለው ረዳቱን ጠየቁት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ገመዱን ለመፍታት ስታገል ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ቋጠሮው ላብ ጠጥቶ ጠንክሯል። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

እናቴ ከጋሪው ወርዳ ውርንጭላዋን በክርኗ ገፋ አድርጋ ደረጃው ላይ ወጣች። እጄን ይዛ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። ጎንበስ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «እማዬ፣ ገና ነኝ፤ አልደረስኩም» አልኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። የእሷም ጣቶች ይንቀጠቀጡ ነበር።

«እኔም አልደረስኩም» አለች። «ግን ክፍሉን አከራይቼዋለሁ።»

ቋጠሮው ተፈታ። ገመዱን ሰብስባ ወረደች። ሳትዞር የውርንጭላዋን አንገት አቅፋ ከበሩ አወጣቻት። ሙሽሪት ተከተለች። መንገዱ ተከፈተ።

ጥቁር ውሃ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ለፍተሻ ቆመ። ጥቂት ሰዎች ወረዱ። እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዚያ ወደ አዋሳ በእግር የሚያቅት መንገድ አይደለም። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ነው፤ ይቅርብኝ ብዬም አስቤአለሁ። በሩ ጋ ደርሼ ግን እናቴ የነገረችኝ ነገር እግሬን ያዘው። ቀና ብለው ያላዩኝን ዓይኖቿን ሳይሆን የሚንቀጠቀጡ ጣቶቿን አሰብኩ። እኔ ከተመለስኩ እሷ ያንን ቋጠሮ እንደገና ልትፈታው ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ወደ ኋላ አላየሁም።

የመጀመሪያው ማታ ያደርነው አርባ ምንጭ ነው። ምግብ ቤት ስገባ ዓሣ ጉላሽ ይሻልሃል ወይስ ሙሉ ዓሣ ብሎ አስተናጋጁ ጠየቀኝ። ሙሉውን አልኩት፣ ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እሾህ ወጋኝ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ አስተናጋጁ ጀርባዬን መታኝ። ግን ጨረስኩት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ጂንካ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። ትዳር የያዝኩትም እዚያው ነው። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በየሳምንቱ ፈትቼዋለሁ፤ መቼ እንደተውኩት አላስታውስም። እናቴ በሰው እጅ በምታስጽፈው ደብዳቤ ስለ ራሷ ምንም አትልም። ስለ ውርንጭላዋ ግን ዝርዝር ይመጣልኛል። ጋሽ ዱካሞ ሁለተኛውን ሙከራ ያደረጉት ሰባት ወር ሲሞላት ነው። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ለዩዋት፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን፣ ከዚያም ለቀን። ሙሽሪት ሦስት ቀን ጮኸች፤ በአራተኛው ቀን ገብሷን በላች። ውርንጭላዋ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ነው ሳር መጋጥ የጀመረችው።

ክረምት ላይ ለእረፍት ስመለስ ጋሽ ዱካሞ ከመናኸሪያ ጫኑኝ። በመንገድ ላይ፣ እናቴ እንዳትሰማ ብለው፣ የዚያን ጠዋት የቀረውን ነገሩኝ። አውቶቡሱ እንደወጣ እናቴ ወደ ቤት አልሄድም ብላቸዋለች። ኬላው ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከወረደ በእግሩ እንዲመለስ አልፈልግም አለቻቸው። እሷ ልጓሙን ይዛ፣ እሳቸው ከፊት ውርንጭላዋን በገመድ እየጎተቱ፣ እስከ ጥቁር ውሃ ድረስ አውቶቡሱን ተከትለዋል። ሲደርሱ ሄዷል። እናቴ ግን ምናልባት እዚህ አካባቢ ተቀምጦ ይሆናል ብላ ቆየች። እስከ እኩለ ቀን መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ አሉ። ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆኜ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ብመለከት፣ የምትመጣዋን ጋሪ ከሩቅ አያት ነበር ማለት ነው። ባያት ኖሮ ዛሬ ምን ሆኜ እንደምገኝ አላውቅም። ምናልባት ከአቶ ታምሩ ጎን።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጃችሁ ደርሶ እንደሆነ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ የማውቅ ይመስላችኋል። የልጅን መድረስ በዕድሜውም በሚበላውም ለመመዘን ሞክሬአለሁ፤ አንዱም አልሆነልኝም። እኔ ስሄድ አልደረስኩም ነበር። የላከችኝም አልደረሰችም ነበር። ሁለታችንም ግን በየበኩላችን አንድ ነገር አድርገናል፦ እሷ ቋጠሮውን ፈታች፣ እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ እስክዘጋጅ መጠበቅ ትቻለሁ። ሥራ ስቀይር፣ ሚስት ሳገባ፣ ልጅ ስወልድ አንድም ጊዜ ተዘጋጅቼ አላውቅም።

እናቴ አሁን ሰማንያን እየተጠጋች ነው። ጋሽ ዱካሞ ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ፋሲካ ልጆቼ ባሉበት ድፍረት አግኝቼ የኬላውን ነገር አነሳሁባት፤ ለካ እስከ እኩለ ቀን ቆማችሁ ጠብቃችሁኛል አልኳት። ተቆጣች። ሰውየው ሙት ባይሆን ፊት ለፊት እንደምትናገረው ገለጸችልኝ።

«ዋሽቶሃል» አለችኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የቆየነው።»